«ፓስወርድ የቀየረ አይጠለፍም» ላለው አሰልጣኝ

የኪቶ ልጅ፦ ቅዳሜ ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ስልጠና ተብሎ ሄድን። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ ስለ ቤት ራውተር ሲጠየቅ «ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው፣ ፓስወርድ የቀየረ አይጠለፍም» ብሎ አለፈው፣ ሰዉም አጨበጨበ። በጣም ነው ያናደደኝ። ፋብሪካው የሰራው ስህተት ገንዘቧን ከፍላ በገዛችው እናት ላይ ለምን ይላከካል?

ሄርማታ፦ ምን አጠፋ ሰውዬው? በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የሚባለው ቦትኔት (የጠለፋቸውን እቃዎች አንድ ላይ የሚያዝ ቫይረስ) ያን ሁሉ ካሜራና ራውተር የሰበሰበው ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ አድሚን አድሚን እያለ እየሞከረ አይደለም እንዴ? ዳይን (የድረገፅ ስምን ከአድራሻው የሚያገናኘው ኩባንያ) የወደቀ ጊዜ እነ ትዊተር እነ ኔትፍሊክስ አልከፍት ያሉት በዚህ ነው። ሰፈራችንን ዞር ዞር ብለህ እይ፣ ግማሹ ሰው ከካርቶን እንደወጣ ነው የሚጠቀመው

የኪቶ ልጅ፦ የሚራዩ ልክ ነህ። ግን በዚያው ዓመት ህዳር ላይ ጀርመን የሆነውን ለምን ዘለልከው? ወደ 900,000 የሚሆን የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኛ መስመሩ ተቋረጠ። የሚራይ ዝርያ ነው፣ ግን በ7547 ፖርት (የኔትወርክ በር በለው) እየገባ የሰዓት ሰርቨር ስም የሚሞላበት ቦታ ላይ ኮማንድ (ትእዛዝ) ሲልክ ነበር፣ የነሱ ራውተሮች ሙከራውን አልቻሉትም፣ ወደቁ። እዚህ ውስጥ ፓስወርድ የጠየቀ አለ?

ሀያት፦ ያለ ፓስወርድ እንዴት ይገባል እሱን አስረዳን እስቲ

የኪቶ ልጅ፦ ራውተርሽ ውስጥ ፒንግ መሞከሪያ ገፅ (ግንኙነት መኖሩ የሚታይበት) አለ አይደል፣ አድራሻ ትፅፊበታለሽ። ፕሮግራሙን የሰራው ሰው የፃፍሽውን ሳያጣራ እንዳለ ለሊኑክሱ ሼል፣ ኮማንድ ተቀብሎ ለሚያስፈፅመው ፕሮግራም፣ ይሰጠዋል። አንዱ ከአድራሻው ቀጥሎ ሴሚኮለን አድርጎ ሌላ ኮማንድ ቢጨምርበት ሼሉ ሁለቱንም ይሰራል፣ አብዛኛው የቤት ራውተር ላይ ደግሞ የሚሰራው በሩት፣ ማለት በሙሉ ስልጣን ነው። ያ ገፅ መጀመሪያ ማንነት ካልጠየቀ አለቀ፣ ፓስወርድሽ ሀያ ፊደል ቢሆንም ማንም አያየውም። የቲፒሊንክ አርቸር ኤኤክስ 21 ራውተር ላይ የተገኘው እንደዚህ ነው፣ አገር የሚመረጥበት ቦታ ላይ! በ2022 መጨረሻ ቶሮንቶ የጠለፋ ውድድር ላይ ተጋለጠ፣ መጋቢት 2023 አፕዴት ወጣ፣ ሚያዝያ ላይ ቦትኔቱ ሰዉን መልቀም ጀመረ

ባለሱቅ መርካቶ፦ አፕዴት ወጣ ካልክ አለቀ፣ ያላደረገው ሰው ነው ጥፋተኛው። የሰውዬው ንግግር መንፈሱ ልክ ነው

የኪቶ ልጅ፦ መንፈሱን ተወው፣ ያለውን ያዝ። «ፓስወርድ የቀየረ አይጠለፍም» ነው ያለው

ሄርማታ፦ አንድ አረፍተ ነገር ይዘህ ሙጭጭ አልክ። ለተራ ሰው ነው የተናገረው፣ ስለ ሼል ሊያወራላቸው ነው?

የኪቶ ልጅ፦ ለተራ ሰው ስለሆነማ ነው የከፋው! እናቴ ፓስወርዷን ቀይራ እፎይ ብላ ትቀመጣለች። «አፕዴት አድርጉ፣ ከውጭ የሚገባበትን ሪሞት ማኔጅመንት ዝጉ» ብሎ መጨመር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሀያት፦ እኛ ጋ ግን መብራት በየጊዜው ስለሚሄድ ቫይረሱ አብሮ ይጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ ወላሂ

የኪቶ ልጅ፦ እውነት ነው ሀያት፣ እነ ሚራይ ሚሞሪ ላይ ብቻ ስለሚቀመጡ ሲጠፋ ይሄዳሉ። ግን ቀዳዳው እዛው ነው፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ይገባል። በ2018 የወጣው ቪፒኤንፊልተር የሚባለው የራውተር ቫይረስ ደግሞ ሪስታርት ቢደረግም ስሩ አይነቀልም ነበር

ባለሱቅ መርካቶ፦ እሺ ሁሉም አፕዴት ያድርግ። በምን ፓኬጅ? ደግሞስ ስንቱ ነው 192.168.1.1 ብሎ ራውተሩ ገፅ የሚገባው

አጂፕ ሰፈር፦ አንተ ራስህ የምትሸጠው ያገለገለ ራውተር አፕዴቱ ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው? እሱን ለደንበኛ ትናገራለህ?

ባለሱቅ መርካቶ፦ ወንድሜ እኔን ለምን ታስገባኛለህ? ሰው ርካሽ ይጠይቃል ርካሽ እሰጣለሁ። አዲሱን ባመጣ ማን ሊገዛኝ ነው፣ አንተ ትገዛለህ?

አጂፕ ሰፈር፦ አልጠየቅኩህም ርካሽ ለምን ሸጥክ ብዬ። ትናገራለህ ወይ ነው ያልኩት። ራውተር ሰሪው ዲሊንክ እንኳን ለቆዩት ሞዴሎቹ ቀዳዳ ሲገኝባቸው «ድጋፍ አብቅቷል፣ ቀይሩ» ብሎ በይፋ ይፅፋል፣ አይጠግነውም። ያ እቃ ዞሮ ዞሮ እናንተ ሼልፍ ላይ ነው የሚያርፈው

ሄርማታ፦ ነጋዴውን ተዉት። የመርካቶ ልጆች ባይኖሩ ግማሹ ጅማ ዋይፋይ የሚባል አያይም ነበር

አጂፕ ሰፈር፦ ዘመድህ ስለሆነ ነው

ሄርማታ፦ ዘመዴም ቢሆን ልክ ነው ያለው

የኪቶ ልጅ፦ ኧረ ከነገሩ አትውጡ። ነጋዴው ስለ ፈርምዌር (እቃው ውስጥ ስላለው ፕሮግራም) እንዲያውቅ አይጠበቅም፣ አስመጪው ግን ካርቶኑ ላይ አፕዴት እስከ መቼ እንዳለው እንዲፅፍ መገደድ አለበት። እንግሊዝ ከ2024 ጀምሮ አፕዴቱ እስከ መቼ እንደሆነ በይፋ እንዲገለፅ በህግ አስገድዳለች፣ ሁሉም አንድ አይነት ፓስወርድ ሆኖ የሚመጣውንም ከልክላለች። እኛ ጋ ለምን አይሆንም?

ሄርማታ፦ እንግሊዝ! በቃ ዋጋው እጥፍ ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ ስለ ዋጋ ክርክር ትከፍታለህ

የኪቶ ልጅ፦ ቀን መፃፍ ዋጋ የሚያስጨምረው እንዴት ነው? መልስልኝ

ባለሱቅ መርካቶ፦ ቀኑ ሲያልፍ የቀረውን እቃ ማን ይገዛኛል? መንግስት ይገዛኛል? እሱን አንተ መልስልኝ

ሀያት፦ የኔ ከስር ኤችጂ 532 ይላል፣ ሁዋዌ ነው፣ እሱስ እንዴት ነው?

የኪቶ ልጅ፦ ሀያት እሱ በ2017 መጨረሻ ሳቶሪ የሚባለው የሚራይ ዝርያ የገባበት ነው፣ 37215 ፖርት ላይ፣ እንደዚሁ በኮማንድ ቀዳዳ። ከቻልሽ ቀይሪው፣ እስክትቀይሪ ያ ፖርት ከውጭ እንዳይከፈት አስዘጊ

ባለሱቅ መርካቶ፦ ነገ ነይ ሀያት ቅናሽ አደርግልሻለሁ

አጂፕ ሰፈር፦ አፕዴቱ እስከ መቼ እንደሆነ ሳይነግርሽ እንዳትገዢ