ዋትኪንስ ግሌን ጉልበት ለሚያማት እናት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ኒውዮርክ ስቴት ያለውን ዋትኪንስ ግሌን፣ ያንን ገደልና ፏፏቴ ያለበትን ፓርክ ላሳያት አስቤ ነበር። ጉልበቷ ግን ያስቸግራታል። የገደሉ መንገድ ይከብዳት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ደረጃው ከ800 በላይ ነው፤ ያውም እርጥብ ድንጋይ። 19ኙንም ፏፏቴ ካላየን ብላችሁ እናትሽን እንዳታደክሚያቸው! በታችኛው በር ግቡ፤ ገደሉ ገና ከመግቢያው ያምራል። ከቻሉ ከፏፏቴው ጀርባ እስከሚታለፍበት ድረስ ቀስ ብላችሁ ውጡ። እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው፤ ፀጉርሽን ከተሠራሽ ግን አስቢበት። ከዚያ ተመለሱ።

ሌላ መልስ፦ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። በረዶ ሲመጣ የገደሉ መንገድ ይዘጋል። ውሻም ወደ ገደሉ መንገድ አያስገቡም።

ጠያቂዋ፦ ውሻ የለንም። እማዬ ግን ዳቦ ቆሎዋን ሳትይዝ አትወጣም፤ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ይፈቀዳል፤ ለእኛም ይተርፈን!