የተኮላሸው ጊኒ ፒግ ሴቷ ላይ እየወጣ ነው፤ ልለያቸው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድና ሴት ጊኒ ፒግ አሉን፤ እሱ 1 ዓመት፣ እሷ 5 ወሯ ነው። በጣም ይዋደዳሉ፣ የሚተኙት ተጠጋግተው ነው። እሱ ከተኮላሸ 3 ሳምንት ሆኖታል፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ለብቻው ነበር፣ ትናንት አንድ ላይ መለስናቸው። ከዚያ ወዲህ ዳሌውን እያወዛወዘ በወፍራም ድምፅ ያጉረመርማል፣ ይዞራታል፣ ከኋላ ይወጣባታል። እሷ ትሸሻለች፣ ሽንቷንም ትረጭበታለች። ተጣልተው ነው? ከተኮላሸ በኋላስ ይህ ለምን መጣ?

ድርቆሽ፦
ጠብ አይደለም እህቴ። ማጉረምረሙና መዞሩ ወንድ ሴትን የሚያባብልበት መንገድ ነው። ሽንት መርጨቷ ደግሞ ዞር በል ማለቷ ነው፤ ድራት (ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ) ላይ ያልሆነች ሴት እንዲህ ታደርጋለች። ድራት በየ15–17 ቀኑ ይመጣል፣ ወንድ የምትቀበለው ግን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ያኔ መሸሹን ትታ ጀርባዋን ዝቅ፣ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ትቆማለች። አንዳንዷ ራሷም ታጉረመርማለች፣ ወንዱ ላይም ትወጣለች። የሚያሰጋው ፊት ለፊት ተፋጠው ጥርስ ሲያፋጩ፣ ዘለው ሲናከሱና ደም ሲታይ ነው። መኮላሸት ዘር ማፍራትን ያቆማል እንጂ ይህን ጠባይ የግድ አያጠፋም።

አረንጓዴ መስክ፦
ድርቆሽ ስለ ጠባዩ ያለው ልክ ነው፣ ዋናው ነገር ግን ተዘለለ። ዛሬውኑ ለዪያቸው! በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ ወንድ ከተኮላሸ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላል። 3 ሳምንት አይበቃም። ሳጥኑን መሐል ለመሐል በሽቦ መረብ ክፈዪው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው፣ ከታችም በደንብ ይታሰር። በየጎናቸው ውሃ፣ ድርቆሽና መደበቂያ ያስፈልጋቸዋል። ወደ ሌላ ክፍል ግን አትውሰጂው፤ እየተያዩና እየተሻተቱ ከቆዩ ሲገናኙ አይካካዱም።

ዋሽንት፦
በቀን አንድ ሰዓት ሰው እያያቸው ወለል ላይ ቢጫወቱስ? ከረጨችበት ድራት ላይ አይደለችም ማለት ነው።

አረንጓዴ መስክ፦
አይሆንም። ስሪያው በሰከንዶች ያልቃል፣ ሰው እጁን ሳይሰነዝር። ጠዋት የረጨችበት ሴት ማታ ልትቀበለው ትችላለች።

ጠያቂዋ፦
መረቡን አደረግኩ፣ አመሰግናለሁ። ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊትም 2 ወር አብረው ነበሩ። ይህስ?

ሚዛን፦
እንግዲያው ርጉዝ ናት ብለሽ ተዘጋጂ። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ በቅርቡም ልትወልድ ትችላለች፣ የትናንቱም ተጨምሮ ከትናንት 72 ቀን እስኪያልፍ ነጻ ናት አትበይ። የእንስሳት ሐኪም በአልትራሳውንድ ይያት። ሆዷን ራስሽ አትጫኚ፣ ጽንሱን ይጎዳል። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኛት፤ ያለማቋረጥ ከጨመረች ምልክት ነው።

ሐኪም ጋ የማስቸኩልሽ በዕድሜዋ ምክንያት ነው። የዳሌዋ አጥንት መገጣጠሚያ ለወሊድ ይከፈታል፣ እስከ 6–7 ወሯ ወልዳ የማታውቅ ሴት ግን መገጣጠሚያው ይጠነክርባትና ግልገሉ ሊያልፍ አይችልም። አሁን 5 ወሯ ስለሆነ ጊዜው ጠባብ ነው። ምጥ ይዟት 20 ደቂቃ አጥብቃ አምጣ ምንም ካልወጣ ወይም ደም ከፈሰሳት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው። ሌሊት የሚያክም ቦታ ስልኩን ከአሁኑ ያዢ።

ምግቧን አትቀንሺባት። ወፍራም ብትሆን እንኳ በእርግዝና መጨረሻ መብላት ስታቆም ጉበቷ በስብ ይጨናነቅና በጥቂት ቀናት ልትሞት ትችላለች። ድርቆሽ ሳይለካ ይቅረብላት። ቪታሚን ሲ ሰውነታቸው አይሠራም፤ ለርጉዝ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ 25 ግራም ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ያን ያህል ይሰጣል። ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ ቶሎ ስለሚበላሽ አይታመንም።

ድርቆሽ፦
አንድ ልጨምር። ከወለደች በኋላ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ድራት ይመጣባታል፤ 6ቱ ሳምንት ሳይሞላ ከወለደች መረቡ እንዳይነሳ። ወንድ ግልገሎችንም 3 ሳምንት ሲሞላቸው ከእናታቸውና ከእህቶቻቸው ለይተሽ ከአባታቸው ጋር አድርጊያቸው።