መርከበኞቹ ሳይነቁ አንባቢው እንዴት ይጠርጥር?

ሰላም ለሁላችሁ። አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ አንድ ትዕይንት ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ።

ታሪኩ የሚካሄደው የጠፈር መርከብ ውስጥ ነው። አምስት መርከበኞች እራት ላይ ተሰብስበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ጽዳቱ የማን ተራ እንደሆነ። አብሯቸው ግን ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አለ። አይታይም፣ አይናገርም።

ፍንጩን ከአየሩ ላመጣው አስቤያለሁ። አንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። መርከቧ ይህን የሚያጣራ መሣሪያ አላት። እናም አንዷ በወሬ መሃል «ማጣሪያው ዛሬም የስድስት ሰው ያህል ሠርቷል» ትላለች። ሌላው «ስፖርት ስለምታበዙ ነዋ!» ብሎ ይቀልድና ወሬው ይቀጥላል። እስከዚህ ወድጄዋለሁ።

ችግሩ የሠለጠነ ጠፈርተኛ እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምቶ ዝም አይልም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ራስ ያሳምማል፣ ሲብስም ይገድላል። ዝም ካሉ ሞኝ ይመስላሉ። ከመረመሩ ደግሞ ምስጢሩ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ አለቀ። መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት ይቻላል፣ ግን የሰነፍ መውጫ መሰለኝ (ሁሌ የሚበላሸው እሱ ነው!)።

ምን ትመክሩኛላችሁ? ልዩነቱን ላሳንሰው? ወይስ ፍንጩን ከንግግሩ ላውጣው? ለምሳሌ ክብደት በማይሰማበት ቦታ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለማይወጣ ማራገቢያዎች ያለማቋረጥ ይሠራሉ። እያወሩ ሳለ የአንዱ ማራገቢያ ድምፅ ለአፍታ ቢታፈንስ? ምልልስ መጻፍ የሚሆንላችሁ፣ ሁለት ሦስት መስመር ብትሞክሩልኝ ውለታችሁን አልረሳም።