ረግረጉ ይቅደም ወይስ ወንዙ? ለአንድ ቀን የወፍ ምልከታ ምክር ፈለግሁ

ፊላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ ሙሉ ቀን ምልከታ ሁለት ቦታ ታስቧል። አንዱ ዳሩን ሸምበቆ የወረሰው፣ መሃሉ ገላጣ ውሃ የሆነ ረግረግ ነው። ሌላው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ዳር ዳሩን ይዞ መሄድ የሚቻልበት ወንዝ። ባይኖኩላሩ 8 በ42 ነው (8 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው)፤ ቴሌስኮፕ የለም። በየትኛው ይጀመር? ወንዙ ላይ የተነሳው ወፍ ፊት ፊት እየበረረ ሲያርፍ ደግሞ ደጋግሞ እንዳይቆጠር ምን ታደርጋላችሁ? ጭቃው ላይ የሚሯሯጡት ትንንሽ ቡናማ ወፎችስ በምን ይለያሉ? ለኔ ሁሉም አንድ ናቸው።

ማለዳ፦
ረግረጉን አስቀድም። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ቦታህን ያዝ። ሸምበቆ ውስጥ ተሸሽገው የሚውሉት ወደ ጠርዙ ብቅ የሚሉት በዚያች ሰዓት ነው። አብረው ያደሩ ሳቢሳዎችም ወደየመሰማሪያቸው ሲበተኑ በመስመር ስለሚያልፉ ለመቁጠር ይመቻሉ። ፀሐይ ከበረታች ግን ከመሬቱና ከውሃው የሚነሳው ሙቀት የሩቁን ምስል ያርገበግበዋል። ቴሌስኮፕ ቢኖርህም አያድንህም፤ ባጎላህ ቁጥር ይብሳል። ወንዝ ላይ የምታየው ወፍ ቅርብ ስለሆነ ወንዙ እስከ ረፋድ ቢቆይ አይጎዳም።

ማለዳ ከውሃው በስተምሥራቅ ቁም፣ ፀሐይ ከጀርባህ ትሁን። ከተገለበጠ የምታየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ የእግር ቀለም መለየት የማይታሰብ ነው።

ባይኖኩላርህ ይበቃል። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር ይሰጥሃል፤ ወደ ዓይንህ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይህ ነው። 10 በ42 ቢሆን 4.2 ላይ ይወርዳል፣ የእጅህ መንቀጥቀጥም ጎልቶ ይታያል። ከመሄድህ በፊት ግን ለዓይንህ አስተካክለው፦ ቀኝ ዓይንህን ጨፍነህ በመሃሉ ማዞሪያ ለግራው አጥራ፤ ከዚያ ግራውን ጨፍንና መሃሉን ሳትነካ ቀኙ መመልከቻ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞርክ አጥራ። «ባይኖኩላር ራሴን ያመኛል» የሚሉ ብዙዎች ያንን ቀለበት ነክተውት አያውቁም።

ጭራ ነቅናቂ፦
ስለ ቡናማዎቹ፦ ቀለሙን ለጊዜው ተወውና አነሳሱን እይ። ሦስቱን ከለየህ የቀረው ይቀልሃል።

ኮመን ሳንድፓይፐር ቆሞም ሲራመድም የኋላ አካሉን ሽቅብ ቁልቁል መነቅነቅ አያቆምም። ክንፉ ከደረቱ በሚገናኝበት ቦታ የሆዱ ነጭ እንደ ሽብልቅ ወደ ላይ ሰርጎ ይገባል። ሲበር ውሃውን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ክንፉን ወደ ታች ደገን አድርጎ ጥቂት ያርገበግባል፣ ይንሳፈፋል፣ ደግሞ ያርገበግባል። ክንፉ ላይ ነጭ መስመር አለ።

ግሪን ሳንድፓይፐር ላይ በስሙ ተታለህ አረንጓዴ ላባ ስትፈልግ እንዳትውል። ሩቅ ላለ ሰው ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ ነው። ብዙ ጊዜ ብቻውን ጠባብ ቦይ ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ሲደነግጥ ሽቅብ ተተኩሶ ይሄዳል።

ዉድ ሳንድፓይፐር ጀርባው በነጫጭ ነጠብጣብ የተረጨ ነው። ነጭ ቅንድቡ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቃል (የግሪኑ ዓይኑ ጋ ያበቃል)፤ እግሩ ቢጫማ ነው። ሲነሳ «ቺፍ-ኢፍ-ኢፍ» ይላል።

ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፦ ግሪኑም ዉዱም ሲበሩ ከጭራቸው በላይ ነጭ ስለሚያሳዩ በዚያ ብቻ የሚወስን ይሳሳታል። የክንፉን የውስጥ ገጽ ተመልከት፤ ጠቆር ካለ ግሪን፣ ፈዘዝ ካለ ዉድ። በእግር ቀለም ስትወስንም ተጠንቀቅ፤ ጭቃ የደረቀበት ቢጫ እግር ጥቁር ይመስላል። ውሃ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ጠብቀው።

ቆጣሪ፦
ወንዙን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቁጠር፣ ስትመለስ ደብተሩን ዝጋ። 3 ኪሎ ሜትሩን በ500 ሜትር ከፍለህ ለየብቻ ጻፍ። ፊትህ ተነስቶ ወደፊት የበረረውን ገና አትቁጠረው፤ የት እንዳረፈ ብቻ ያዝ። የሚቆጠረው አልፎህ ወደ ኋላህ ሲሄድ ነው። እስከ መጨረሻው ፊትህ የቀሩትን ጉዞው ሲያልቅ ትደምራቸዋለህ። ዓሣ አጥማጁ ወፍ (ኪንግፊሸር) ለምሳሌ ክልሉ ጫፍ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ዞሮ ይመለሳል፤ ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ወፍ አራት ያደርገዋል።

ረግረጉ ላይ ትልቅ መንጋ ሲያጋጥም 10 ወፍ ቆጥረህ የያዙትን ስፋት በዓይንህ ለካ፤ ያንን ስፋት መንጋው ላይ እያሻገርክ በአስር በአስር ሂድ። መንጋው ዳር ላይ ሳሳ መሃሉ ላይ ጠጠር ስለሚል ልኬቱን ከመሃል አትውሰድ፣ ከዳርም አትውሰድ፤ መካከለኛ ቦታ ፈልግ። ጠልቀው የሚመገቡ ዳክዬዎችን ሦስት ጊዜ ቁጠርና ትልቁን ቁጥር ውሰድ። ድምሩን አይደለም!

መነሻ ሰዓት፣ ቆይታ፣ ርቀት፣ የተመልካች ብዛት ይጻፍ። ኢበርድ ላይ (የወፍ ምልከታ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ) የምታስገባ ከሆነ የተመለስክበትን መንገድ ርቀቱ ላይ አትጨምር፤ ረግረጉንና ወንዙንም በአንድ ዝርዝር አታዋህድ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ ዋና ጊዜውን ጃንዋሪ ላይ ያደረገው ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እንዲወዳደር ነው። አንተም ተመልሰህ ልትቆጥር ካሰብክ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት።

ፊላ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ነጫጮቹ ሳቢሳዎችስ?

ጭራ ነቅናቂ፦
ምንቃሩ ጥቁር፣ እግሩ ጥቁር፣ ጣቶቹ ቢጫ ከሆኑ ሊትል ኢግሬት። ጭቃ ውስጥ ቆሞ ጣቱ አይታይም፤ ሲበር ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። አጭር ቢጫ ምንቃርና አጭር አንገት ይዞ ከብት እግር ሥር የሚከተለው ካትል ኢግሬት ነው። ትልቁ፣ ግሬት ኢግሬት፣ የአፉ መሰንጠቂያ መስመር ከዓይኑ ወደ ኋላ ያልፋል። ከሩቅ በራሪውን ከሽመላ ለመለየት አንገቱን እይ፦ ሳቢሳ አጥፎ ይበራል፣ ሽመላ ዘርግቶ። ቆሞ ሲመገብ የነበረው አንገቱን ቀጥ አድርጎ መብላቱን ካቆመ አይቶሃል፤ አንድ እርምጃ ብትጨምር ይነሳል።