ወንድሜ ለእንጀራ እናታችን የነገራቸው ግማሽ እውነት

ጥያቄ፦
አባታችን ካረፉ ሰባት ወር ሆናቸው። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተችብን፣ በ1991 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ የነበረቻቸውን የእንጀራ እናታችንን አገቡ፤ እኔንና ወንድሜን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁን እርሳቸው ናቸው። ቤታችን የተሠራው ከጋብቻው በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. ሲሆን ካርታው ግን በአባታችን ስም ብቻ ነው። ወንድሜ በእኔና በእርሱ ስም የወራሽነት ማስረጃ ካወጣ በኋላ «ሚስት ባሏን አትወርስም፤ ቤቱ የልጆቹ ነው» ብሎ ነገራቸው። እርሳቸውም አምነውት ዕቃቸውን ወደ ልጃቸው ቤት ማጓጓዝ ጀምረዋል። እኔ ነገሩን እየተጠራጠርሁ ለሽያጩ ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ዝምታዬ ከማታለል ይቆጠራልን?

መልስ፦
ወንድምዎ «ሚስት ባሏን አትወርስም» ማለቱ ቃል በቃል ሲታይ ሐሰት አይደለም፤ ክፋቱም እዚያው ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ የመጀመሪያ ወራሾች ልጆች ናቸው። ሆኖም ሚስት ድርሻዋን የምትወስደው በውርስ ሳይሆን በጋብቻው ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 63 እንደሚለው በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ በቅድሚያ ግማሹ ለእርሳቸው ይወጣል፤ እናንተ የምትካፈሉት ቀሪውን ነው። አብራችሁ ያደገችው ልጃቸው ግን አባታችሁ በጉዲፈቻ ካልወሰዷት ወይም ካልተናዘዙላት በቀር ወራሽ አይደለችም።

መልስ፦
ከመፍረዳችን በፊት፣ ቤቱ በምን ገንዘብ ተሠራ? አባታችሁ ከእናታችሁ ጋር ያፈሩትን ሸጠው ሠርተውት ከሆነ፣ የእናታችሁ ድርሻ ያን ጊዜውኑ ለልጆቿም ሊደርስ ይገባ ስለነበር የወንድምዎ ቁጭት መሠረት አለው። ይህ ግን ማስረጃ ይዞ ፊት ለፊት የሚጠየቅ ነገር ነው።

ጠያቂዋ፦
ደሴ የነበረው የእናታችን ቤት በ1995 ዓ.ም. መሸጡን አውቃለሁ። ገንዘቡ የት እንደገባ አባታችን ነግረውን አያውቁም፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅናቸውም።

መልስ፦
ልጄ፣ እኔም የሰው ልጅ ያሳደግሁ ነኝ፤ ስለዚህ ምናልባት አዳላ ይሆናል። ነገ ማለዳ ውልና ማስረጃ ሄደሽ ውክልናውን ሻሪ፤ መሻሩንም ለወንድምሽ በጽሑፍ አሳውቂው፤ አለዚያ በእጁ ባለው ወረቀት ሊዋዋልበት ይችላል። ለእናትሽ ሽማግሌ ሳትልኪ አንቺው ንገሪያቸው። የደሴውንም ቤት እንዳትደብቂያቸው፤ ግማሹን ብቻ ከነገርሻቸው ከወንድምሽ በምን ተለየሽ?

ጠያቂዋ፦
ውክልናውን ዛሬ ረፋድ ላይ ሽሬዋለሁ። ማታ ለእናቴ የደሴውን ቤት ነገር ገና ስጀምርላቸው አቋረጡኝና፣ ከአባታችን የልብስ ሣጥን ግርጌ የሽያጩን ውል አውጥተው ሰጡኝ። አባታችን ለልጆቹ እንዳይነግሩ አስምለዋቸው ነበር።