ፖቶማክ ወንዝ ላይ ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ)፣ ዋና ለማይችሉ ልጆች የት ይሻላል?

ሳሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ግሬት ፎልስ፣ ፖቶማክ ላይ ያለው ፏፏቴ ጋ፣ ሄደን ሰዎች ከፏፏቴው በታች በካያክ ሲቀዝፉ አየንና ልጆቹ ካልገባን ብለው ያዙኝ፣ ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የመጣው ያክስቴ ልጅና ሁለቱ ትንንሽ ወንድሞቹ ናቸው፣ ዋና የሚችል የለም እኔም ብዙም አልችልም። የሚነፋ ካያክ ገዝተን እዛው ብንገባ ችግር አለው? ላይፍ ጃኬት ካደረግን አይበቃም ወይ? የምታውቁ እባካችሁ

የጣና_ልጅ፦
ወንድሜ አደራህን እዛ እንዳትገባ። ያየሃቸው ሰዎች ስንት ዓመት የሰለጠኑ ናቸው፣ ካያኩ ሲገለበጥ ከውስጡ ሳይወጡ ነው መልሰው የሚያቃኑት። ወንዙ እዛ ጋ አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት 76 ጫማ ይወርዳል፣ ከፏፏቴው በላይ 1000 ጫማ ገደማ የሚሰፋው ውሃ ማዘር ጎርጅ የሚባለው ገደል መሀል ሲገባ ከ60 እስከ 100 ጫማ ይጠባል። ላዩ ጸጥ ያለ ይመስላል ስሩ ግን ይጎትታል፣ ለዚህ ነው ፓርኩ ዋና ብቻ ሳይሆን እግር ነክሮ መቆምንም የከለከለው። እኔ ባህር ዳር ነው ያደግኩት፣ ጣና ላይ መቅዘፍ ስታቆም ታንኳው ይቆማል፣ እዚህ አንተ ብታቆምም ወንዙ ይዞህ ይሄዳል።

ፍሌቸርስ የሚባለው ጀልባ ማከራያ ሂዱ። ዲሲ ካናል ሮድ ላይ ነው፣ የሲ ኤንድ ኦ ካናል ፓርክ ውስጥ፣ ካያክም ካኑም (ላዩ ክፍት የሆነ ረዘም ያለ ጀልባ) ያከራያሉ። ዳር ዳሩን ይዛችሁ ወደ ጆርጅታውን በኩል ቅዘፉ፣ ወደ ቼይን ብሪጅ አትውጡ። ከድልድዩ በላይ ሊትል ፎልስ ጋ አጭር ግድብ አለ፣ ከላይ ለሚመጣ ሰው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው የሚታየው፣ ከስሩ ግን ውሃው እየተሽከረከረ ሰውን መልሶ መልሶ ይደፍቃል ላይፍ ጃኬት ያደረገም አይወጣም።

ነርሷ_እናት፦
ሳሚዬ የልጆቹ ላይፍ ጃኬት በልካቸው ይሁን፣ ትከሻው ላይ ይዘህ ወደ ላይ ስትስበው ጆሮአቸው ጋ ከደረሰ ሰፍቷቸዋል ማለት ነው። ደግሞ ኤፕሪል ላይ ቀኑ ሞቀ ብላችሁ እንዳትታለሉ፣ ውሃው ገና በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ድንገት የወደቀ ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ስቦ ውሃ ይገባበታል፣ ዋናተኛም ቢሆን። ሜሪላንድ ላይኛው ፖቶማክ ላይ ከኖቬምበር 15 እስከ ሜይ 15 ጃኬት መልበስን ግዴታ ያደረገችው ያለ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፣ እዚህ ስንመጣ ሰመር ላይ ወንዝ ዳር ፒክኒክ እንወጣለን፣ የሰው ልጅ ሰጠመ ሲባል ስሰማ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው። እባክህ ካውንቲው ገንዳ አስመዝግባቸው

ቢኒ_ቪኤ፦
በኔ አስተያየት ለትንንሾቹ ካኑ ይሻላል፣ ትልቅ ሰው ከኋላ ሆኖ ይመራል ልጆቹ መሀል ይቀመጣሉ፣ የአንድ ሰው ካያክ ላይ ልጁ ብቻውን ነው። ብቻ ማንም እንዳይቆም፣ ካኑ ሰው ሲቆም ነው የሚገለበጠው። ፈጣን ውሃ ካማራቸው ደግሞ ሃርፐርስ ፌሪ ሸናንዶና ፖቶማክ የሚገናኙበት ጋ ከጋይድ ጋር ራፍቲንግ (በሚነፋ ትልቅ ጀልባ ፈጣን ውሃ መውረድ) አለ፣ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ

ሳሚ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሚነፋውን ትቼዋለሁ። የውሃውን ከፍታ ግን እንዴት ነው የማውቀው?

የጣና_ልጅ፦
ዩ ኤስ ጂ ኤስ (የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት) ሊትል ፎልስ ጋ የውሃ ከፍታ መለኪያ አለው፣ ኦንላይን በየሰዓቱ ታየዋለህ፣ ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ቅሩ። ዲሲ ፀሐይ ሆኖ ዌስት ቨርጂኒያ የዘነበው ከቀናት በኋላ ነው የሚደርሰው፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ ግንድ ይዞ ከወረደም አትግቡ። ከጀልባው የወደቀ ሰው በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ለመቆም እንዳይሞክር ለልጆቹ ንገራቸው፣ እግር ድንጋይ ስር ከተያዘ ውሃው ገፍቶ ይደፋዋል፣ በጀርባ ተኝቶ እግርን ወደ መውረጃው አድርጎ በእጅ ወደ ዳር መቅዘፍ ነው። ፍሌቸርስ ውሃው ከፍ ካለ አያከራዩም፣ ጠዋት ደውልና ጠይቅ። ቅዳሜ እኔም እዛ ነኝ፣ ከመጣችሁ ኢንቦክስ አድርግልኝ ልጆቹን አቀዛዘፍ አሳያቸዋለሁ