ክብደት ለመቀነስ የማይሰለችና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እንቅስቃሴ

አመጋገቤን ካስተካከልኩ ወዲህ ክብደቴ በመጠኑ ቢቀንስም፣ አሁን ሚዛኑ ካለበት አልነቃነቅ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሚመክር ጂም ተመዝግቤ ነበር፤ ሆኖም ወርኃዊ ክፍያው ከአቅሜ በላይ ሆነ፤ ግድግዳ እያዩ በማሽን ላይ መሮጥም፣ ለሚወዱት ይሁንላቸውና፣ ፈጽሞ አልሆነልኝም። ውጭ መሮጥ ስጀምር ደግሞ፣ በተለይ ቁልቁለት ስወርድ፣ ጉልበቴን ከፊት በኩል ይወጋኛል፤ በእግር ስሄድ ግን አያመኝም። ከሁሉ ያስደሰተኝ ቤት ውስጥ በሙዚቃ መደነስ ነበር፤ ነገር ግን ክፍሌ ጠባብ ነው፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶቼም ዝላዩን አልወደዱትም። ያለኝ የስፖርት ጫማና ከሥራ በኋላ የማገኘው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ጉልበት ሳይጎዳ የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ፣ ዝላይ የሌለበትና ለወራት ቢሠሩት የማይሰለች ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ትመክሩኛላችሁ?